የፎቶግራፍ ክበብ፦ የዝቋላ ጉዟችን

ዘንድሮ የሰንደቅ ዓላማ ቀንን፣ የወላጆች በዓልንና የክፍል ለክፍል ውድድሮችን በፎቶ ያስቀሩልን የክበባችን ልጆች ናቸው። ሁሉም ጥሩ ሠርተዋል። እኔ ግን ይህን ገጽ ለዝቋላ ጉዞ ልስጠው። ልጆቹን ፎቶ አንሺ ያደረጋቸው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሄድነው በኅዳር ነው። ክረምቱ አልፎ አየሩ ጠርቷል፤ የአድአ ጤፍም ለአጨዳ ደርሷል። ዝቋላ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ፣ ከሜዳው መሃል ብቻውን ብድግ ያለ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ከፍታው 2,989 ሜትር ነው። መኪናውን ከግርጌ ትተን በእግር ወጣን። ሳይነጋ የተነሳነው ለብርሃኑ ስንል ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ከጎን ስለምትመታ የተራራው ስርጉድና ጉብታ ሁሉ ጥላ አውጥቶ ይታያል። ስድስት ሰዓት ላይ ያው ተራራ ዝርግ ይሆናል። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ የነገርኳቸውን እዚያ በዓይናቸው አዩት።

ጥዱ ውስጥ ጉሬዛዎች አገኘን። ጉሬዛ ለካሜራ ከባድ ነው። ካሜራው ጥቁሩን ፀጉር ሲያይ ጨለመ ብሎ ብርሃን ይጨምራል። ያኔ ነጩ ፀጉር ባዶ ወረቀት ይመስላል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይህ ሲገጥማት ማንም ሳይነግራት የብርሃኑን መጠን ቀነሰችው። ቀጥላ ባነሳችው ፎቶ ላይ የጭራው ነጭ ፀጉር አንድ በአንድ ይለያል። በጣም ነው ደስ ያለኝ!

አናቱ ላይ፣ በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ የተኛው ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አሉ። እዚያ ያለ ፈቃድ አንድም ፎቶ እንዳይነሳ ቀድመን ተነጋግረን ነበር። አንዱ ተማሪያችን ጥላ ሥር ወደተቀመጡ አባት ቀርቦ መስቀል ተሳለመና «አባ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» አላቸው።

«ፊቴን ተወው ልጄ። ከፈለግህ እጄን አንሳ።»

መቋሚያ የጨበጡ ሁለት እጆች ናቸው፤ ደም ሥራቸው የወጣ፣ አፈር የለመዱ። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ፎቶ ይህ ነው። ሰኔ ላይ በቤተ መጻሕፍቱ ባዘጋጀነው ኤግዚቢሽን ብዙ ወላጅ የቆመው እሱ ፊት ነበር።

ለከርሞ ወንጪን አስበናል። ካሜራ ግን ያጥረናል፤ እስካሁን በፈረቃ ነው የምንጠቀመው። ቤታችሁ ሥራ የፈታ ካሜራ ያላችሁ ወላጆች ለክበቡ ብትሰጡን ልጆቹ በደንብ ይሠሩበታል። የአዲስ አባላት ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። ካሜራ የሌለው በስልክ መጀመር ይችላል።