ሰው ደከመኝ ላልሽኝ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹ፣ ሥራው፣ ያ የወገብሽ ነገር እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማን ቀድሞ ዝም አለ ወደሚለው አንግባ። ከገባን ሽማግሌም አይፈታንም።

ጅማ ክረምቷ ላይ ናት። አዌቱ ደፍርሶ ይወርዳል፣ ያጠብኩት ልብስ አይደርቅልኝም፣ ልጆቹ ትምህርት ስለተዘጋ ቤቱን ገልብጠውታል። ይኼን ሁሉ ታውቂዋለሽ። የምጽፍልሽ ያን ጊዜ በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሆዴ ስላልወጣ ነው። «እግዚአብሔር አልደከመኝም፣ ሰው ነው የደከመኝ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቻለሁ፤ ቤቴ እጸልያለሁ፣ ይበቃኛል» አልሽኝ። ምን ልበልሽ ስል ኔትወርኩ ተቆረጠና ተገላገልኩ። አሁንም ስብከት አልሰብክልሽም፤ አያምርብኝም። የቤቴን ወሬ ልንገርሽ፣ አንቺ የምትወስጂውን ትወስጃለሽ።

ትልቁ ወሬ ከባለቤቴ ጋር መቁረባችን ነው። አዎ፣ እሱ! ቅዳሴ ሳያልቅ ቡና ቤት የሚገኘው ሰውዬ። ነገሩንም ያነሳው እሱ ነው። እንደምታውቂው ስንጋባ ሽማግሌ ተልኮ፣ ማዘጋጃ ቤት ተፈርሞ፣ ድንኳን ተጥሎ አለቀ። ቁርባን የሕፃንና የሽማግሌ ነው ብለን ነው ያደግነው። እኛ ሰፈር እስካሁን ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና እናስነሳለን፣ አቅፈን እናቆርባለን፣ እኛ ግን ዳር ቆመን እናያለን። አንድ ማታ እራት ላይ «እኛስ እስከ መቼ ዳር እንቆማለን?» አለ። ወጡ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ንስሐ አባታችን ጋ ሄድን። ስለ ጾምና ስለ ስግደት ይጀምራሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን «የማታናግሩት ሰው አለ?» አሉ። ባለቤቴ እኔን አየ፣ እኔ ምንጣፉን።

የባለቤቴን እህት ታስታውሻታለሽ። አባታቸው ወደ አጋሮ በኩል ትንሽ የቡና ማሳ ትተውላቸዋል። የቡና ዋጋ ዝቅ ባለ ጊዜ ማንም ስለ ማሳው አያነሳም ነበር። ዋጋው ሲወጣ «ድርሻዬ ተበላ» መጣ። እሱ ደግሞ «ያስኮተኮትኩት እኔ፣ ለለቀማ የከፈልኩት እኔ» አለ። ከዚያ መዘጋጋት። የሚገርምሽ አጥቢያችን አንድ ነው። በሴቶች በኩል እኔና እሷ ጥቂት እርምጃ ነው የሚለያየን። ዲያቆኑ በቅዳሴው መካከል በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ሕዝቡ ሁሉ ጎንበስ ጎንበስ ይላል። እኔ ለማላውቃት ሴትዮ እጅ እነሳለሁ፣ እሷም ለሌላ። ጥሩ አድርገን ነበር የተካንነው።

ሽማግሌ የሆኑት ንስሐ አባታችን፣ የእድራችን ሊቀ መንበርና ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው። ሐጂ ሁለቱንም ቤት ያውቃሉ፣ ቡናም ያውቃሉ። ቄሱ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሊሉ ሲነሱ ሐጂ እጃቸውን ይዘው «ቆይ አባ፣ መጀመሪያ ሒሳቡ ይጻፍ» አሏቸው። ስንት ፈረሱላ ጀንፈል ቡና ተሸጠ፣ ለለቃሚ ስንት ወጣ፣ ትራንስፖርቱ ስንት ነው፣ ሁሉም ደብተር ላይ ሰፈረ። የሷ ድርሻ ጎድሎ ተገኘ፣ እሷም የረሳችው ወጪ ተገኘ። ባለቤቴ የሚቀርባትን ከመጪው ለቀማ ሊከፍል ፈረመ። ይቅርታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይኼ ነው። የሰው ገንዘብ ኪስ ውስጥ እያለ ጉልበት ስሞ መነሳት አይዋጥልኝም።

ፍቅር በፍቅር ሆንን ብዬ አልዋሽሽም። አሁንም አነጋገሯ ይቆረቁረኛል። የኔም እሷን ሳይቆረቁራት አይቀርም። ግን ሰላም ተባባሉ ሲባል ወደሷ ዞሬ ጎንበስ እላለሁ፣ እሷም ትዞራለች። ለጊዜው ይኼ ነው ያለን።

ቁርባን ቤት ውስጥ ምን ይመስላል ብትይኝ፣ አብዛኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። 18 ሰዓት መጾም አለ። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት የሚቀበል ሰው ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ እህል ውሃ ይበቃዋል ማለት ነው። እኔ ግን ቅዳሜ ማታ ለልጆቹ እራት እሠራለሁ። ሽሮው ጨው ይነሰው ይብዛበት መቅመስ የለም፤ ትልቁ ልጄ ቀማሽ ሆኖ ተሹሟል፣ ሹመቱንም ይወዳታል። እሑድ ተቀብለን፣ ጠበል ጠጥተን፣ በነጠላችን አፋችንን ሸፍነን እንመለሳለን። ያን ቀን መትፋት የለም፣ ገላ መታጠብ የለም፣ መንገድ መሄድ የለም። ጭቅጭቅም የለም ብለን እኛ ጨመርንበት። ልጆቹ ታዲያ ነቄ ናቸው። ስልክ ስጡን ብለው የሚለምኑት ሌላ ቀን አይደለም፣ እሑድ ነው። አባታቸው ጥርሱን ነክሶ ይሰጣቸዋል።

ማታ ማታ እንጸልያለን። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በአማርኛ፣ ከዳዊት ትንሽ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ አለቀ። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ቀን የተከፈለ መሆኑ ጠቅሞናል፤ ዛሬ የቱን እናንብብ የሚባል ክርክር የለም። ትንሿ መሐል ላይ ትተኛለች። ትልቁ ቶሎ ቶሎ ያነበንበዋል። መብራት የጠፋ ቀን ግን ቴሌቪዥኑም ስልኩም ስለሌለ ረጋ ብለን እንጸልያለን። መብራት ኃይልን የማመሰግንበት ብቸኛው ጉዳይ ይኼ ነው።

አንቺም ቤትሽ ትጸልያለሽ። ጥሩ ነው፣ አንድም ቃል የለኝም። ግን እህቴ፣ ቤቴ ስጸልይ ከጎኔ የሚቆመውን የምመርጠው እኔ ነኝ። የባለቤቴ እህት ሳሎኔ መጥታ አትቆምም። ዲያቆኑም ዙሪና ጎንበስ በይ አይለኝም። ቤተ ክርስቲያን ባልሄድ ኖሮ ያ የቡና ሒሳብ እስከ ዛሬ አይጻፍም ነበር። እኔ እስካሁን የገባኝ እዚህ ድረስ ነው።

ደግሞ የደከመሽ ሰው የቱ እንደሆነ አላጣሁትም። እዚህም አሉ። ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር «አውጪው!» የሚሉ እናት አሉን። አንዲት አራስ አልቅሳ ስትወጣ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው አጠገብ ሆን ብዬ ነው ልጆቼን ይዤ የምቆመው። ሲቆጡ «እማማ፣ ነገ እኛን የሚቀብሩን እነሱ ናቸው» እላቸዋለሁ። አሁን አሁን ለትንሿ ከረሜላ ይዘው ይመጣሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚበላ።

ባለቤቴን ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ከተቱት። ካህናቱም፣ ምእመናኑም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶቹም የሚወከሉበት ስለሆነ ስብሰባው ያስቃልም ያናድዳልም። አንዱ አዲስ ድምፅ ማጉያ ይገዛ ይላል። ሌላው አጥሩ ይታጠር ይላል። እሱ የካህናቱና የዲያቆናቱ ደመወዝ ይቅደም ብሎ ገግሟል። ልጆቹን ማሳደግ አቅቶት የቀን ሥራ የሚሄድ አገልጋይ ይዘን ስለ ድምፅ ማጉያ ማውራት እኔንም አያስደስተኝም። የወጣቶቹ ሐሳብ ግን ጥሩ ነበር፤ ስብከቱ በአፋን ኦሮሞም ይሰጥ አሉ። ተጀምሯል። ከገጠር የሚመጡት እናቶች አሁን ስብከት ሲጀመር ወደ ፊት ይጠጋሉ፤ ድሮ ያን ጊዜ ነበር የሚወጡት።

የጽዋ ማኅበራችን ደግሞ ድግስ ሆኖ ነበር። ተረኛዋ ካለፈችው በልጣ ካልታየች ትሞታለች። አንዷ ተበድራ ደገሰች። እኔና ጥቂት ሴቶች ዳቦና ጠላ ይበቃል፣ በጾም ንፍሮ፣ የተረፈው ብር ለታመመችው ባልቴት የቤት ኪራይ ይሁን አልን። ኩርፊያው አሁንም አልበረደም። ሁለቱ ማኅበሩን ትተው ወጡ። ኪራዩ ግን እየተከፈለ ነው።

ጎረቤቶቻችንን ሳልነግርሽ ባልፍ ትቀየሚኛለሽ። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን መጋቢት 2 በአንድ ቀን እንደገቡ ታስታውሻለሽ። የሐጂ ባለቤት ማታ ማታ ለአፍጥር ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ለኛ ብላ የምስሩን ለብቻ፣ በሌላ መጥበሻ፣ በአዲስ ዘይት ጠብሳ ትልክልን ነበር። «የሥጋው ዘይት እንዳይነካባችሁ» ትለኛለች። ለኛ 55 ቀን ስለሆነ የነሱ ቀድሞ አለቀ። በዒዱ ማግስትም ሳምቡሳው አልቀረም። እኛም ለፋሲካ የነሱን ድርሻ በጥሬው፣ ከነነፍሱ ላክን፤ ዶሮዋን ራሳቸው አረዱ። ልጆቹ ማን የበለጠ ጾመ እያሉ በአጥር ሲከራከሩ ሁለታችንም ከየበራችን እንሰማቸዋለን። እኔ ለልጆቼ ስለ ጾም ከነገርኳቸው ይልቅ ያቺ ሁለተኛ መጥበሻ ሳታስተምራቸው አልቀረችም።

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ለ15ቱ ቀን ፈቃድ አታገኚ ይሆናል፣ ለመጨረሻው ሳምንት ግን ሞክሪ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ ባሕር ማዶ አይደለም። ልጆችሽን ይዘሻቸው ነይ፣ ፍራሽ አለ። ቤተ ክርስቲያን ነይ አላልኩሽም፤ ቤቴ ነይ ነው ያልኩሽ። ከሰዓት ልጆቹ ተሰልፈው ቅዳሴ ሲሄዱ ከፈለግሽ አብረሽን ትሄጃለሽ፣ ካልፈለግሽ ሽሮውን ትጠብቂያለሽ። ከመጣሽ ግን የባለቤቴ እህትም ለሰላምታ መምጣቷ አይቀርም፤ ከአሁኑ እወቂው።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሻል። ያንን የድሮ ዕዳሽን አልረሳሁም በዪልኝ ብሏል፤ የምን ዕዳ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ካልተመቸሽ ቡና እልክልሻለሁ። ጥሬውን ልላክልሽ ወይስ ቆልቼ ላስፈጨው? በማን እንደምልከውም ጻፊልኝ፤ የያዝኩት ስልክ ቁጥርሽ አይሠራም ይለኛል።

እህትሽ፣
ከጅማ