ከጠፋችው ጸሐፊሽ

ውድ እህቴ፣

አትቆጪ። ወይም ተቆጪ፣ ግን አንብበሽ ስትጨርሺ። ሰባት ወር ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ዛሬ የምጽፍልሽ አንድ ነገር ፈልጌ መሆኑን ከመጀመሪያው መስመር ጀምረሽ እንደምትጠረጥሪ አውቃለሁ። ጥርጣሬሽ ልክ ነው። ሦስት መልእክት ላክሽልኝ፤ አንዱንም አልመለስኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነበር ብል ትስቂብኛለሽ። ይቅር በይኝ። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ፣ ድፍረቱ እስከዚያ ከቆየልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት። ወንድሜ በቁመት በልጦኛል፤ ይህንንም በቀን ሦስት ጊዜ ያስታውሰኛል። የእኛ ቤት ወሬ ይኸው ነው። ያንቺን ሁሉ አንድ በአንድ ልጠይቅሽ ነበር፤ ክፍል የምትጋሪያትን ልጅ፣ ትምህርቱን፣ አሁንም እየሄድሽ ማንበብሽን ትተሽ እንደሆነ። ነገር ግን የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዬ የሚላክበት ኖቬምበር 1 ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ከዚያ ቀን በቀር ምንም የለም።

ሠንጠረዥ ሠራሁ። አዎ፣ ሳቂ። አሥራ አራት ዩኒቨርሲቲ በሦስት ቀለም። አረንጓዴው ሳይቀበለኝ የማይቀር ነው፤ አንድ ነው፣ የክፍለ ግዛታችን ዩኒቨርሲቲ። ቢጫዎቹ ሦስት ናቸው። የቀሩት አሥሩ ቀይ ናቸው። ቀይ ማለት ማንም ቢሆን እርግጠኛ የማይሆንበት ማለት ነው፤ ውጤቱ እንከን የሌለው ልጅ እንኳ። ሃርቫርድን ውሰጂ። በ2024 ለገባው ክፍል 54,000 ያህል ሰው አመልክቶ የተቀበሉት 2,000 አይሞሉም። ከመቶ ሰው አራት እንኳ አይደርስም። እኔ ይህን እያወቅሁ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ለአሥሩም ቀዮች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ከመቶ ሰጠኋቸው፤ በሰው እጅ ያለ ነገር ላይ ለጋስ ነኝ። ከዚያ በሁሉም የመውደቅ ዕድሌን አሰላሁ፤ 0.95ን አሥር ጊዜ እርስ በርሱ አባዛሁት። 0.60 ገደማ መጣ። እንግዲያው ቢያንስ በአንዱ የመግባት ዕድሌ 40 ከመቶ ነው! ያን ሌሊት እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ።

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ያ የሚያናድድ ድምፅሽ መጣብኝ። «አንቺ፣ እነዚህ እኮ አሥር ሳንቲሞች አይደሉም። አንድ ሳንቲም ነው፣ አሥር ሰው የሚያየው» ስትዪኝ ሰማሁሽ። እውነትሽን ነው፤ ያላልሽውም ቢሆን እውነትሽን ነው። ለአሥሩም የምልከው ያንኑ ውጤት፣ ያንኑ ድርሰት፣ ያንኑ የመምህር ደብዳቤ ነው። አንዱን ያላስደሰተው ሌላውንም ላያስደስት ይችላል። ደግሞስ አምስት ከመቶው የእኔ ነው እንዴ? የሕዝቡ ነው። በዚያ ሕዝብ ውስጥ አሠልጣኙ አስቀድሞ የመረጠው ዋናተኛ አለ፣ አባቱም አያቱም እዚያው የተመረቁ አለ፣ ዝም ብሎ ዕድሉን ሊሞክር የላከም አለ። አማካዩ ስለ እኔ የሚናገረው ነገር የለም። 40 ከመቶዬ ከጥርስ ሳሙናው ጋር ወረደ።

በኤስኤቲ፣ በመግቢያ ፈተናው፣ 1490 አመጣሁ። ከ1600 ነው፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ይጨፈርልኝ ነበር። እነዚያ ቀዮቹ ዘንድ ግን ከገቡት ተማሪዎች መሃለኛው ግማሽ ከ1500 እስከ 1580 ባለው አካባቢ ነው የሚውለው። አሥር ነጥብ ከደጅ አስቀረችኝ። ከዚያ በታች አምጥተው የገቡ አንድ አራተኛ አሉ ብዬ ተጽናናሁ፤ ወዲያው ደግሞ እነሱ ምን ይዘው ገቡ ብዬ መጽናናቴን አበላሸሁት። በወረርሽኙ ጊዜ እንደነበረው ውጤቱን አለማሳየት ይቻላል እንዳልል፣ ኤምአይቲ በ2022 ፈተናውን ግዴታ አድርጎ መለሰው፤ ዳርትማውዝ፣ ብራውንና ሃርቫርድም በ2024 ያንኑ አደረጉ። የሚደበቅበት ጥግ እያነሰ ነው።

አባዬ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ጨመረልኝ። ለብራውን በኧርሊ ዲሲዥን ላመልክት ብዬ ነበር። ቀድሞ ላመለከተ የሚቀበሉት መጠን ከፍ ይላል፤ በልዋጩ ከተቀበሉኝ ሌላውን ሁሉ ትቼ እገባለሁ ብዬ እፈርማለሁ። እኔ ብቻ ሳልሆን ወላጅም የትምህርት ቤቱ አማካሪም ይፈርማሉ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ሦስት ጊዜ አነበበው። «ዋጋው ሳይታወቅ የሚፈረም ውል ምን ዓይነት ውል ነው?» አለ። የሚሰጡት የገንዘብ ድጋፍ ካልበቃን መውጣት እንደሚቻል ነገርኩት። «አልበቃም የሚለው ማን ነው? እኛ ነን ወይስ እነሱ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲዎቹ በየድረ ገጻቸው ያስቀመጡትን የወጪ ማስሊያ ይዘን ተቀመጥን። ደመወዙ ያው፣ ቤተሰቡ ያው፣ አንዱ ጋ የሚወጣው ቁጥርና ሌላው ጋ የሚወጣው ግን በሺዎች ይራራቃል። አባዬ ሁሉንም በእርሳስ ጻፋቸው። አልፈረምንም። እኔም በልቤ አላዘንኩም፤ እውነቱን ለመናገር ቀልሎኝ ነበር። ኖቬምበር 1 የምልከው ለአረንጓዴው ብቻ ነው፤ እሱ ቀድሞ ቢቀበለኝም አያስረኝም።

እያዞርኩሽ እንደሆነ ገብቶሻል። እሺ።

ባለፈው ማርች መጨረሻ የተቀበሉሽ ዕለት ፎቶውን ስትልኪልኝ አንድ የአበባ ምስል መለስኩልሽ። አንዲት አበባ! በስንት ዓመት ጓደኝነታችን ያገኘሁልሽ ቃል ያ ሆነ። ከዚያ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ የደስታ አልነበረም። ቀናሁብሽ። ደግሞ ንጹሕ ቅናት ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ የእኔ ሒሳብ የገባበት ቅናት ነበር። ከአንድ ትምህርት ቤት በተከታታይ ዓመት ሁለት ሰው አይወስዱም የሚል ወሬ ሰምቼ ነበርና ቦታዬን ይዘሽብኝ የሄድሽ መሰለኝ። ገና ሳላመለክት፣ ገና ሳልወድቅ፣ ብወድቅ በምን ዓይኔ አያታለሁ ብዬ ራቅኩሽ። ሞኝነቱን ጽፌ ሳየው ይበልጥ ሞኝነት ሆነብኝ። ግን አልሰርዘውም።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱን ልንገርሽ።

ድርሰቴን ስለ አውቶቡሱ ጻፍኩት።

ምን እንደምልሽ ገብቶሻል። ገጹ ላይ ያለችው ልጅ የተቋረጠው አውቶቡስ እንዲመለስ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ ስም ትመዘግባለች፣ የትምህርት ቦርዱ ፊት ቀርባ በተሰጣት ሦስት ደቂቃ ትናገራለች። «ተነሥቼ ማይክሮፎኑን ወደ ታች ዝቅ አደረግሁት» ይላል ሦስተኛው አንቀጽ። ማይክሮፎኑን ዝቅ ያደረግሽው አንቺ ነሽ። እኔ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ያ የሚያፏጨው የውኃ መጠጫ አጠገብ፣ ግድግዳ ተደግፌ ነበር። «አልገባም፣ ድምፄ ጠፍቷል» ስልሽ «ጸሐፊዬ፣ እንግዲያው ወረቀቱን ስጪኝ» አልሽኝ። ያን ቀን አልወቀስሽኝም። ከዚያም በኋላ አንድም ቀን አላነሣሽብኝም። ብታነሺብኝ ኖሮ ምናልባት አልሰርቅሽም ነበር፤ አየሽ፣ ጥፋቴን እንኳ ባንቺ ላላክክ ምንም አልቀረኝም።

ልሰርቅሽ ብዬ አልጀመርኩትም። የመጀመሪያው ረቂቅ «እኛ» የሚል ነበር። 702 ቃል ሆነ፤ ኮመን አፕ፣ የምናመለክትበት ድረ ገጽ፣ ደግሞ ከ650 አያሳልፍም። ስቆርጥ መጀመሪያ የተቆረጥሽው አንቺ ነሽ። «እኛ» በየመስመሩ «እኔ» ሲሆን አረፍተ ነገሩ ሁሉ አጠረ፣ ጠነከረ፣ አማረም። የእንግሊዝኛ መምህሬ አንብባ ዓይኗ ውኃ ቋጠረ፤ እስካሁን ከጻፍሽው ሁሉ ይህ ይበልጣል አለችኝ። ከዚያ በኋላ መመለስ ከበደኝ። የተሳትፎ ዝርዝሩ ላይም፣ ያ አሥር ነገር የሚሞላበት ቦታ፣ ለእያንዳንዱ 150 ፊደል ነው የሚፈቅደው። «መሪ» ብዬ ጻፍኩ። አጭር ቃል ናት።

ሌሊት ሌሊት የማነበው ምን እንደሆነ ብነግርሽ አታምኚም። ዩኒቨርሲቲዎቹ በየዓመቱ የሚያወጡት ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ አለ። እዚያ ውስጥ ሲ7 የምትባል ሠንጠረዥ አለች፤ ለመግቢያ የሚያዩትን ሁሉ ይዘረዝሩና እያንዳንዱን በጣም ወሳኝ ነው፣ ወሳኝ ነው፣ ይታያል፣ አይታይም እያሉ ምልክት ያደርጉበታል። እኔ የምፈልገው ፈተናው ምን ያህል እንደሚከብድ ነበር። ኤምአይቲ ጋ ስደርስ በጣም ወሳኝ በሚለው ሥር የሰው ጠባይ ተቀምጦ አገኘሁ። ወንበሩ ቆረቆረኝ። መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ፣ ማለቴ ተጋደምኩ።

ማመልከቻው መጨረሻ ላይ ደግሞ ያቺ ሳጥን አለች፤ አንቺም ምልክት አድርገሽባታል። ያስገባሁት ሁሉ የራሴ ሥራ ነው፣ እውነትም ነው የምትለዋ። ትናንት ጠቋሚውን እላይዋ ድረስ አምጥቼ እጄ ቆመ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ የኮምፒውተሩ መስታወት በራሱ ጊዜ ጠቆረና የራሴን ፊት አየሁበት። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ የሚያኮራ አይደለም። «እሷም ስለ አውቶቡሱ ጽፋ ቢሆንስ?» ነው ያልኩት። ድርሰትሽን አሳይተሽኝ አታውቂም። አስቢው፣ አማካሪያችን አንድ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ፣ አውቶቡሱ አንድ፣ ጀግናው ሁለት። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ አፈርኩ።

ስለዚህ ማታ ሌላ ጀመርኩ። ከኮሪደሩ ይጀምራል። ከውኃ መጠጫው፣ ከተዘጋው በር፣ ከውስጥ ከሚሰማውና ቃሉ ከማይለየው ድምፅሽ። ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወደ ዋዜማው ሌሊት። አንቺ 43 ተማሪ ቆጥረሽ ደስ ብሎሽ ተኝተሽ ነበር። እኔ ደብተሩን ስገለብጥ ዘጠኝ ስም ሁለት ሁለት ጊዜ አገኘሁ፤ ወላጆቻቸው የተለያዩ፣ ግማሹን ሳምንት እዚህ መንገድ፣ ግማሹን እዚያ መንገድ የሚያድሩ ልጆች። እናትም ፈርማለች፣ አባትም ፈርሟል። አንዱን ስም ሰረዝኩ፣ ሌላውን ሰረዝኩ፣ 34 ቀረ። ቁጥሩ ሲያንስ እኔም ሆዴ አነሰ፤ በ34 ተማሪ አውቶቡስ ይመልሱልናል ብዬ አላሰብኩም ነበርና። ቢሆንም በቀይ ጻፍኩት። ጠዋት ሳሳይሽ ምንም አላልሽም። ወረቀቱን አጥፈሽ ኪስሽ ከተትሽው።

ድርሰቱ ይህ ነው። 580 ቃል ሆኗል፤ አንቺም ሙሉ ሰው ሆነሽ ገብተሽበታል፣ ስትራመጂ የምታነቢው ነገር ሳይቀር። የመጀመሪያው ይበልጣል፣ አልዋሽሽም። እዚያ የምትናገር ልጅ አለች፤ እዚህ ያለችው ስም የምትሰርዝ ናት። ስም የሚሰርዝ ሰው ማን ይቀበላል? ዕድሌን ምን ያህል እንደሚቀንሰው ላሰላ ሠንጠረዡን ከፈትኩ፤ የማስገባበት ዓምድ አጣሁለት። «መሪ» የምትለዋን ቃል ግን አውጥቼ በምትኩ «መዝጋቢ» አልኩ። መምህሬ ለምን እንደለወጥኩት ጠየቀችኝ፤ እስካሁን አልነገርኳትም። እነግራታለሁ። ሰኞ።

ሁለቱንም ረቂቅ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የመጀመሪያውን ማንበብ ካልፈለግሽ አታንብቢው፤ ብታነቢውና ብትሰድቢኝም ይገባኛል። ሰባት ወር ዝም ላለ ሰው መልስ መጻፍ እንደሚከብድም አውቃለሁ። ሁሉንም ተዪውና አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፤ ሁለተኛው ድርሰት መጨረሻ ላይ ባዶ የተውኩት ቦታ ስላለ ነው። እኔ ውጪ ነበርኩ፤ በሩ ተዘግቶ ነበር። አውቶቡሱም ከአንድ ወር በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ሁላችንም ጮኸን ረሳነው፤ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ።

ማይክሮፎኑ ላይ ስንት አልሽ? 43 ነው ወይስ 34?

ጸሐፊሽ