ከሰባተኛ ፎቅ የወደቀችው የፌሮ ቁራጭ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሕንፃ ሥራ አደጋ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሳይት ላይ ሻይ እየጠጣሁ አነበብኩት። ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። «ከባድ ዕቃ ሲወድቅ» እያላችሁ ደጋግማችሁ ጽፋችኋል። እኔ ሃያ ዓመት ሳይት ላይ የኖርኩ ፎርማን ነኝ። ክብደት አይጎዳም አልልም። ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ከፍታው ነው።

ባለፈው ክረምት ጂ ፕላስ ሰባት እየሠራን ነበር። ከሰባተኛው ሶሌታ (ከፎቁ የኮንክሪት ወለል) ላይ አንዲት የፌሮ ቁራጭ ተንከባልላ ወደቀች። ስንዝር አትሞላም። ከታች፣ ቆርቆሮ አጥሩ ሥር፣ ሻይ የምትሸጥ ልጅ ብርጭቆ ታጥባለች። ቁራጯ አጠገቧ ያለውን ጀሪካን ከላይ በስታ በታች ወጣች። ውሃው እግሯ ሥር ሲፈስ ነው ልጅቷ የደነገጠችው። ዘበኛችን «ኧረ ትንሽዬ ናት እኮ!» አለ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። ከሶሌታው እስከ መሬት 21 ሜትር ነው። ያቺ ትንሽዬ መሬት ስትደርስ ፍጥነቷ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ቀለበት መንገድ ላይ የሚከንፍ ሚኒባስ በሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስበት አንዴ ገፍቶ አይተውም። ዕቃው እስኪያርፍ ድረስ ይጎትተዋል፤ በእያንዳንዱ ሰከንድ ፍጥነቱ ላይ ወደ 9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨምርበታል። ስለዚህ ያቺ ቁራጭ የመንገዷን የላይኛውን ግማሽ ለመጨረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ፈጀባት። የታችኛው ግማሽ የወሰደባት 0.6 ሰከንድ ብቻ ነው።

የሳይቱ ልጆች አላመኑኝም። ስለዚህ ያልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ አጠገብ ጠጠር ለቀቅንና በስልክ ቀረጽነው። ቪዲዮውን በየ0.2 ሰከንዱ እያቆምን አየን። መጀመሪያ ጠጠሩ የአንድ ብሎኬት ቁመት ያህል ወረደ። ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ ሰባት። ብሎኬቱ 20 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ግድግዳው ራሱ ሜትር ሆነልን (በመጋጠሚያው ሲሚንቶ ምክንያት ትንሽ ይዛነፋል)። የጣሊያኑ ሳይንቲስት ጋሊልዮ ይህንኑ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ኳስ በሰያፍ እንጨት ላይ እያንከባለለ፣ ጊዜውን በሚወርድ ውሃ እየለካ ነው ያገኘው። በ1638 አሳተመው። እኛ ስልክ ይዘን ገና እንከራከራለን።

አንዱ ግንበኛ «ከባዱ ይቀድማል» ብሎ በማኪያቶ ተወራረደኝ። ከሁለተኛ ፎቅ የብሎኬት ስባሪና አንድ ቡሎን አሸዋ ክምር ላይ እኩል ለቀቅን። እኩል አረፉ። ከባዱን ምድር አብዝታ ትስበዋለች፤ ግን እሱን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ጉልበትም በዚያው ልክ ይበዛል። ሰውን የሚያሳስተው ባዶ የሲሚንቶ ወረቀት ነው፤ አየር ስለሚይዘው ይንሳፈፋል። አየር በሌለበት ጨረቃ ላይ በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ መዶሻና ላባ እኩል ለቆ እኩል አርፈዋል። ማኪያቶዬን ግን እስካሁን አልጠጣሁም።

እናንተም ጽሑፋችሁ ላይ «ከላይ ያለው ሠራተኛ ጮክ ብሎ ያስጠንቅቅ» ብላችኋል። ከሰባተኛ ፎቅ የሚወድቅ ነገር መሬት ለመድረስ ሁለት ሰከንድ ነው የሚበቃው። የላይኛው እስኪያይ፣ እስኪጮህ፣ የታችኛው እስኪሰማ አልቋል። ደግሞ ሰው ሲጮሁበት ምን ያደርጋል? ቀና ይላል። ሄልሜት ፊትን አይሸፍንም።

እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሶሌታውን ጫፍ ዙሪያውን በጣውላ አስከብቤዋለሁ፤ ትንሽ ነገር ተንከባልሎ እንዳይወጣ። መረብም አስወጥሬያለሁ። ጫፍ ላይ የሚሠራ ሰው መዶሻውን በሲባጎ ከወገቡ ጋር ያስራል። መጀመሪያ ሰሞን ሳቁብኝ። አሠሪያችን ለመረቡ ገንዘብ ሲያወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ የተበሳውን ጀሪካን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ለልጅቷ አዲስ ጀሪካን ገዛንላት። አሁን ሻይዋን የምትሸጠው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ሠራተኞቹ ራቀብን እያሉ ያጉረመርማሉ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ፎርማን፣ ከሰሚት፣ አዲስ አበባ