ለእምዬ ጸሐፊ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 2017

ውድ እህቴ፣

እንደምን አለሽልኝ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን አጀማመር ማን እንዳስተማረን አትረሺውም። «መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ናፍቆት፣ ወሬው ይደርሳል» ትለን ነበር።

እምዬ ዐረፈች። ኅዳር 13፣ በሚካኤል ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ። እስካሁን ከሌላ ሰው ሰምተሽ ይሆናል። ከእኔ መስማት ነበረብሽ። ካወራን አምስት ዓመት ሊሞላን ነው፤ ለምን እንደጠፋሁም እነግርሻለሁ። አሁን ግን መጀመሪያ ስለ እሷ ላውራሽ።

አልተሠቃየችም። የሚካኤል ዕለት ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ ከሩቅ የሚሰማውን እልልታ ስታዳምጥ ዋለች። ማታ ትንሽ አጥሚት ቀመሰች። «በረደኝ» ስትለኝ ደረብኩላት። ሌሊቱን እጇን ይዤ አደርኩ። ትንፋሿ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደና ቆመ። እንደዚያው ነው።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ስንት ዓመቷ ነበር?» ይለኛል። የቀበሌ መታወቂያዋ በ1925 ተወለደች ይላል። እሷ ግን «ጣሊያን ሲገባ የጥጃ እረኛ ነበርኩ» ነበር የምትለው። ጣሊያን የገባው በ1928 ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ጥጃ አትጠብቅም። እኔ ዘጠና አምስት ነው ብዬ ቆርጫለሁ። ልጇ ጋሼ መቶ ሞልታለች ይላል፤ ደስ ካለው ይበል።

የመንዙን ወሬዋን ታስታውሻለሽ? በብርድ ማታ ከሰል ከበን፣ ባና ለሁለት ተከናንበን የምንሰማውን። ጓሳ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና የሚከፈት ቀን አገሩ ሁሉ ማጭድ ይዞ እንዴት እንደሚወጣ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ እንደሚሆን። ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ ሆነው እንዴት እንደሚያዩአቸው። እኔ ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጓሳን ሄጄ አየሁት። ከነፋሱ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ተመልሼ «አየሁልሽ» ስላት፣ «ሣሩ አሁንም እስከ ጉልበት ይደርሳል?» አለችኝ። ይደርሳል አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እሰይ» አለች።

ዘጠኝ ወልዳ ስድስት አሳደገች። አያቴ ከሞተ በኋላ ጠላ እየጠመቀች፣ አረቄ እያወጣች ነው ስድስቱን ያስተማረችው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከመንዝ የወረደ ዘመድ ሁሉ በእኛ ቤት አልፏል። እኔና አንቺ ትንንሽ ነበርን። ግን በሶ በውኃ እየበጠበጠች ለሰው ስታድል አይቻለሁ፤ ለእኛ የተረፈው የጣሳው ግርጌ ነበር። በኅዳር 2014ም ያንኑ አደረገች። ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና ሲጠጋና ከተማችን በተፈናቃይ ስትሞላ፣ ሦስት ልጆች ያሏትን እናት የራሷ አልጋ ላይ አስተኛች። እሷ ወደ መደቡ ወረደች። በዚያ ዕድሜዋ! ብንቆጣት፣ ብንለምናት አልሰማችንም። «እንግዳ ነው» አለች፣ አለቀ።

አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ ልምጣ። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽም በእነሱ ምክንያት ነው።

መሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ሲጀመር እምዬ ማታ ማታ ትማር ነበር አይደል? ፊደል ለየች፣ ስሟን መፈረም ቻለች። መጻፉን ግን «እጄ አይታዘዘኝም፣ እንዝርት ለምዶ» ብላ ተወችው። ጋሼ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ኤርትራ ሲዘምት ደብዳቤውን ማን ይጻፍ? የእኔ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ነበር። የአንቺ ግን ቁም ጽሕፈት ይመስል ነበር። በአጥሩ መሹለኪያ ትጠራሽና ትመጫለሽ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ ደብተሩን ጉልበትሽ ላይ ዘርግተሽ፣ እሷ እየፈተለች ስታስጽፍሽ አሁንም ይታየኛል። አንድ እግሯን ዘርግታ፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ሿ አድርጋ ትለቀዋለች። ግራ እጇ ባዘቶውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ክሩ ከጣቶቿ መሀል እየቀጠነ ይወርዳል። ክንዷን ዘርግታ እስክትጨርስ ቃል አይወጣትም። ክሩን ስትጠቀልል አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። አንቺ ትጽፊያለሽ። እንደገና ሿ።

አርባዋ የዋለው ታኅሣሥ 23 ነው። የነቢያት ጾም ስለነበር ድግሱ የጾም ሆነ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ከጋሼ ጋር ሣጥኗን ከፈትን። ከቀሚሶቿ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አገኘን። አሥራ አራት ደብዳቤ! ሁሉም በአንቺ ጽሑፍ። ጋሼ አወቃቸው። ግንቦት 1983 ጦሩ ሲበተን፣ ያን ሁሉ አገር በእግሩ ሲያቋርጥ፣ ልብሱ ውስጥ ደብቆ ያመጣቸው ናቸው። መጥቶ ለእሷ ሰጥቷት ነበር። ጥላቸዋለች ብሎ ነበር ያሰበው።

አሥራ ሦስቱ እንዳሉ ናቸው። አንዷ ግን በእጥፋቷ ላይ ልትቀደድ ደርሳለች፤ ብዙ ጊዜ ተዘርግታ ተመልሳ የታጠፈች ናት። ጥቅምት 1981 ይላል። አንቺ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነሽ። ቃል በቃል ልገልብጥልሽ፦

«ይድረስ ለልጄ። እንደምን አለህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ቡሬ ላም ወልዳለች፣ ወንድ ጥጃ ነው። ጣራው ተጠግኗል። የላክሁልህን ሹራብ ልበስ። ስለ እኔ ምንም አታስብ። እናትህ ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች። ይህን አትጻፊ ብላኛለች። እኔ ግን ጻፍኩት።»

ጋሼ ጮክ ብሎ ሲያነብልን እዚያ ላይ ድምፁ ተቆረጠ። መነጽሩን አውልቆ ብዙ ቆየ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ «ሁሉም ደብዳቤ ደህና ነን ነው የሚለው። ደህና ነን ሲሉት የሚያምን ወታደር የለም። እናት እንዳለችኝ የተሰማኝ ይችን ሳነብ ነው። እመለሳለሁ ያልኩትም ያን ቀን ነው።» ሲመለስ ለእምዬ አንብቦላት ነበር። ምን አለች? ብዬ ጠየቅሁት። «ምንም። ወረቀቱን ተቀበለችኝና ‹ያቺ ጸሐፊዬ› አለች» አለኝ።

አስቢው እስኪ። አንቺን «ጸሐፊዬ» ማለት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። የሚጻፍ ደብዳቤ ሳይኖር፣ ጋሼ ቤቱ ከገባ በኋላ። እኔ ስለ ቁም ጽሕፈትሽ ይመስለኝ ነበር። አንቺም ምክንያቱን የምታውቂ አይመስለኝም።

አሁን የራሴን ዕዳ ልክፈል። እናትሽ ሲያርፉ፣ ግንቦት 2012፣ ኮሮና ነበር፤ መምጣት አልቻልሽም። በስልክ «እማዬ እንዴት ተቀበረች? አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ» አልሽኝ። ቃል አጣሁ። «ነገ እደውልልሻለሁ» አልኩሽ፤ አልደወልኩም። ድንኳን አልነበረም። ዕድር ጥሩንባ አልነፋም። አስከሬኑን የሸኘነው በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነን። ይህን ለአንቺ መንገር ጭካኔ መሰለኝ። አንድ ሳምንት ሲያልፍ አፈርኩ። ዓመት ሲሆን ደግሞ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ይቅር በይኝ።

ግን ያልነገርኩሽ ሌላም ነገር አለ። እምዬን ለበሽታው ፈርተን ከግቢ እንዳትወጣ ከለከልናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና በርጩማዋን አንሥታ ወደ አጥሩ ሄደች፤ አንቺ ወደምትሾልኪበት። ፊቷን ወደ እናትሽ ቤት አዙራ ቁጭ አለች። «ሰው ካልመጣላት እኔ እቀመጥላታለሁ» አለችን። ጠዋት ትወጣለች፣ ሲመሽ ትገባለች። «እሳት የተዋዋስን ጎረቤቴ፣ አንድ ምጣድ የጋገርን ጎረቤቴ» እያለች ለብቻዋ ስታለቅስ እስከ ሠልስት ዋለች። ለቅሶ ደራሽ አልነበራቸውም እንዳትይ። ነበራቸው።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው «ለጸሐፊዬ ጻፍሽላት?» ትለኝ ነበር። «እጽፋለሁ እምዬ» እላለሁ። ዝም ትላለች። ሳልጽፍ ሄደችብኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ አለብኝ። መደቡ ሥር በቅርጫት ልቃቂት ሞልቶ አገኘሁ። ልጄን ጠየቅኋት፤ «የጸሐፊዬ ነው፣ እንዳትነኪው ብላኛለች» አለችኝ። እምዬ ዐይኗ ደክሞም በመዳሰስ ትፈትል ነበር። ዕድሜ ከሰጠኝ ለጋቢ ይበቃል እያለች አጠራቅማ ነው። ድሩን ከገበያ ገዛሁ፣ ማጉ የእሷ ነው። ሸማኔው ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ አየና «እነዚህ ቀጭን ናቸው፣ ግሩም ናቸው። እነዚህ ግን ወፍራምና ቋጠሮ የበዛባቸው ናቸው፣ ይቅሩ» አለኝ። የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ የፈተለቻቸው። አንዱም አይቀርም አልኩት። በአንድ በኩል ሸምኖ ጨረሳቸው።

ጋቢውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚያደርስልሽ ሰው ከጥምቀት በኋላ ይነሣል። የደብዳቤዋን ፎቶ ኮፒ ውስጡ አድርጌዋለሁ። ዋናውን ጋሼ አልሰጥም ብሏል። ቁጥርሽ ካልተቀየረ፣ ዕቃው እንደደረሰሽ እንደሰማሁ በዚያው እሑድ ማታ እደውላለሁ። አንሺልኝ።

ጋቢው ሲደርስሽ በእጅሽ ዳብሺው። ቋጠሮ ቋጠሮ የሚልሽ ጫፍ አለ። እሱን በእግርሽ በኩል እንዳታደርጊው፤ በአንገትሽ በኩል ይሁን።

ያችው የአጥር ማዶ እህትሽ