ዝዩ ክንፉን ሲከፍት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠፋሁት ረስቼህ አይደለም። ቱሪስት ሲቀር፣ ሥራው ሲቆም፣ ሰው ማነጋገር ራሱ ከበደኝ። ስልክህ እየጠራ ዝም ብዬ ያየሁበት ቀን አለ። ይቅር በለኝ።

በመጨረሻው መልእክትህ «ለወፍ ማያ የትኛውን ባይኖኩላር ልግዛ?» ብለኸኝ ነበር። መልሱን አሁን ይዤልህ መጣሁ። ባለፈው ኅዳር ሦስት እንግዶች ይዤ ከሐዋሳ እስከ ባሌ ዞርኩ። ሦስቱም አንገት ላይ እኔና አንተ በሥዕል ብቻ የምናውቃቸው ነበሩ፦ ስዋሮቭስኪ ኤንኤል ፒዩር፣ ዛይስ ቪክትሪ ኤስኤፍ፣ ላይካ ኖክቲቪድ። ሁሉም 8 በ42፦ ስምንት እጥፍ የሚያቀርቡ፣ የፊት መስታወታቸው ስፋት 42 ሚሊ ሜትር። ደግ ሰዎች ስለሆኑ በየተራ አዋሱኝ።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ መጀመሪያ ስዋሮቭስኪውን አነሳሁ። ባይኖኩላር መያዜን ረሳሁ! ከ1,000 ሜትር ርቀት 159 ሜትር ስፋት ያሳያል። ዛይሱ 148፣ ላይካው 135። ቁጥሩን ስታነበው ልዩነቱ ብዙ አይመስልም። ግን አባ ኮዳዎቹ ከዳር ቆመው፣ ያቺ ሰማያዊ ትንሽዬ ዓሣ አጥማጅ ከቄጠማው ውስጥ ስትወረወር፣ እጄን ሳላንቀሳቅስ ሁሉንም አየሁ። ጠርዝ ላይ ያለው ቅጠል እንኳ እንደ መሃሉ ጥርት ያለ ነው። የእኛዋ አሮጌ ባይኖኩላር ዳር ዳሯ ጉም እንደነበረ ታስታውሳለህ?

ዛይሱ ለክንድ ምቹ ነው። 800 ግራም አይሞላም፤ ሌሎቹ ያልፋሉ። ክብደቱ ወደ ዓይን በኩል ያደላል፣ ስለዚህ እጅን ወደ ፊት አይጎትትም። አንድ ጥንብ አንሳ ከበላያችን ሲዞር አሥር ደቂቃ ያህል ተከተልኩት፤ ትከሻዬ አላጉረመረመም።

ላይካውን ያነሳሁት ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ከኩሬው ዳር ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ነበር፤ ያ ከአገራችን ውጪ የማይገኘው። እንደ ልማዱ አንገቱን ወደ ኋላ ሰብስቦ፣ ጀርባው ላይ አስደግፎ ይራመዳል። ቆሞ ስታየው ግራጫማ ቡናማ ነው። ሰማያዊው ተደብቋል። ጠበቅኩ። ከዚያ ተነሳ፣ ክንፉን ከፈተ፣ ያ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ቦግ አለ። ስንት ዓመት ያየሁት ወፍ ነው። ያን ቀለም ግን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ከሣሩ ተለይቶ፣ ለብቻው፣ በእጅ የሚነካ ይመስል ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ።

እኔ ብመርጥ ላይካውን ነው። ስፋቱ እንደሚያንስ አውቃለሁ። ግን የእኔ ሥራ ቀለም ማየት ነው።

አንተ ደግሞ የዓይን መነጽር ታደርጋለህ። ሦስቱም ዓይንህን ወደ 18 ሚሊ ሜትር ያህል አርቀህ እንድታይ ይፈቅዳሉ፤ በዓይን በኩል ያለውን ጎማ ዝቅ አድርገው እንጂ መነጽርህን አታውልቅ። 10 በ42 እንዳያጓጓህ። 42ን ለ8 ስታካፍል ዓይንህ ላይ የሚያርፈው የብርሃን ክብ 5.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ10 ግን 4.2 ብቻ። ሲመሽ ይህ በደንብ ይታወቃል። የእጅ መንቀጥቀጡም በ10 ይጎላል።

ላይካ የሚኖረው ቬትስላር ከተማ ነው፤ ካንተ ከፍራንክፈርት ሩቅ አይደለም። ሄደህ ሞክር፣ ግን እባክህ በቀትር አትምረጥ። ወደ ውጭ ይዘህ ውጣ፣ ሲመሽ ጠብቅ፣ ዛፍ ላይ ያለች አንዲት ወፍ ፈልግ።

አሮጌዋን አልጣልኳትም። በሩ ጀርባ ተንጠልጥላለች፣ ያሰርክላት ገመድ አልተበጠሰም። በጥቅምት ና። ዝዩን ላሳይህ።

ወንድምህ