ልጃችሁ ኮምፒውተሩን የሚከፍተው በማን አካውንት ነው?

ውድ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፈተናም ስለ ክፍያም አይደለም፤ ስለ ቤታችሁ ኮምፒውተር ነው።

በቅርቡ አንድ ተማሪያችን የቤት ሥራውን ሳይዝ መጣ። ነፃ ጌም መስሎት ዳውንሎድ ያደረገው ነገር ፋይሎቹን በሙሉ ቆልፎ "ገንዘብ ክፈሉ" የሚል ጽሑፍ አውጥቶበታል። የቤተሰቡ ፎቶና የእናቱ የሥራ ሰነዶች አብረው ተቆለፉ። ልጁ ቁጣ ፈርቶ ሁለት ቀን ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ከሁሉም በላይ የከነከነኝ ይሄ ነው። እባካችሁ፣ "አንድ ነገር ነክቼ ተበላሸ" ብሎ የመጣን ልጅ አትቆጡት። ቶሎ ከነገራችሁ ኢንተርኔቱን አቋርጣችሁ የቀረውን ማትረፍ ትችሉ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ብዙ ቤት አንድ ኮምፒውተር አለ፣ ሁሉም ሰው የሚገባው በአባት ወይም በእናት አካውንት ነው፣ ያ አካውንት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አድሚን ስለሆነ የፈለገውን ፕሮግራም መጫን፣ የፈለገውን መቀየር ይችላል። ልጁ ተሳስቶ አንድ ነገር ከፍቶ "እሺ" ካለው ቫይረሱም በእናንተ ሥልጣን ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ ለልጃችሁ የራሱን አካውንት ክፈቱለት፣ ዓይነቱንም "ስታንዳርድ" (የአድሚን ሥልጣን የሌለው) አድርጉት፤ የአድሚኑን ፓስወርድ ደግሞ እናንተ ብቻ እወቁት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሁሉንም አደጋ አያስቀርም፣ ግን ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ከልጁ ፋይሎች አያልፍም።

አፕዴት ሲመጣ "በኋላ" እያላችሁ አትለፉት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን አጥቅቷል። የዊንዶውስ ሠሪ ማይክሮሶፍት ግን ቫይረሱ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር! ዊንዶውስ 10 የምትጠቀሙ ደግሞ መደበኛ ድጋፉ፣ ማለትም መደበኛ የደህንነት አፕዴቱ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 እንዳበቃ እወቁ። ኮምፒውተሩ ከቻለ ወደ 11 አሳድጉት።

ፎቶና ሰነድ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ኮፒ አድርጉ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ ንቀሉት። እንደተሰካ ከቆየ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ እሱንም ሊቆልፈው ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ በደንብ ያዙልኝ። ከትምህርት ቤታችን ማንም ሰው፣ እኔም ብሆን፣ በስልክም በኢሜይልም በቴሌግራምም ፓስወርድ ወይም በቴክስት የገባላችሁን ኮድ አይጠይቃችሁም። "ከርዕሰ መምህሩ ነው" የሚል ሊንክ ከመጣ አትንኩት፤ ቀድሞ በያዛችሁት ቁጥራችን ደውላችሁ ጠይቁን።

አካውንት መክፈቱ ያስቸገራችሁ ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ወደ ኮምፒውተር ክፍላችን ኑ። የአይሲቲ መምህራችንና እኔ እንጠብቃችኋለን። ቻርጀር አትርሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ