የድሮ ጌም ማሽኖቻችሁን ለምን ቀናት እንደምናቆያቸው

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንዴት ሰነበታችሁ? ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። «ድሮ ፒኤስ ቱ (ፕሌይስቴሽን 2) ስናመጣ በአሥር ደቂቃ ሠርታችሁ ትመልሱልን ነበር። አሁን ለምን አራት አምስት ቀን ይቆያል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆመን፣ ከኋላ ሰው እየጠበቀ፣ በደንብ ለማስረዳት አልተመቸንም። ስለዚህ ቁጭ ብለን ጻፍንላችሁ። በዚያው ማሽኖቹ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያዙም እንነግራችኋለን። ወደ እኛ ከሚመጡት ብዙዎቹ የተበላሹ ሳይሆኑ የቆሸሹ ናቸውና።

የአሥር ደቂቃው ጥገና ምን እንደነበር በግልጽ እንናገር። ፕሌይስቴሽን ሲዲ አላነሳ ሲል ሌንሱ ያለበትን ክፍል እንከፍታለን። እዚያ በካቻቢቴ የምትዞር በጣም ትንሽ ማስተካከያ አለች። ወደ ሌዘሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የምትመጥነው እሷ ናት። ትንሽ ስናዞራት ሌዘሩ ይጠነክራል፣ ሲዲው ይነሳል፣ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ግን ሌዘሩ ከዚያ በኋላ ከአቅሙ በላይ ነው የሚሠራው። ዕድሜውን ቶሎ ይጨርሳል። ከወራት በኋላ ያው ማሽን ተመልሶ ሲመጣ ሌንሱ ጨርሶ ሞቷል። ያኔ መቀየር ብቻ ነው የሚቀረው። ይህን ለዓመታት ያደረግነው እኛ ነን። ጥሩ የሠራን መስሎን ነበር። በዚህ ምክንያት የማሽናችሁ ዕድሜ ያጠረባችሁን ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን።

አሁን መጀመሪያ የምናደርገው ማጽዳት ነው። ሌንሱን አልኮል በነካ ጥጥ ቀስ አድርገን እንጠርጋለን። ከዚያ ሌንሱ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ እናያለን። ፋብሪካው የቀባው ቅባት ከሃያ ዓመት በኋላ እንደ ደረቀ ማር ተጣብቆ እናገኘዋለን። አቧራውም እዚያው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሌንሱ ደህና ሆኖ፣ መንቀሳቀስ ስላቃተው ብቻ «አያነብም» የተባለ ማሽን ስንት አይተናል! አሮጌውን ቅባት እናነሳለን፣ አዲስ እንቀባለን።

ቀኑ የሚሄደው ከዚህ በኋላ ነው። አንዳንዱ ማሽን ሳይሞቅ በደንብ ያጫውትና ሲሞቅ ይቆማል። ይህን ለማወቅ ለሰዓታት ከፍቶ መጠበቅ ነው። በማግሥቱም እንደገና። ሲዲም ዲቪዲም እንሞክርበታለን። ፒኤስ ቱ ለሁለቱ የተለያዩ ሌዘሮች አሉት፤ ለሲዲ 780 ናኖሜትር፣ ለዲቪዲ 650 ናኖሜትር። አንዱ ሞቶ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። ኦርጅናል የፒኤስ ቱ ጌም ጀርባው ሰማያዊ ከሆነ ሲዲ ነው፤ ብርማ ከሆነ ዲቪዲ ነው። ስታመጡልን «ሰማያዊውን አያነሳም፣ ብርማውን ግን ያነሳል» ካላችሁን ግማሹን ሥራ ሠራችሁልን ማለት ነው።

ቀጭኑ ፒኤስ ቱ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሲዲው ጀርባ ላይ ዙሪያውን የሄደ ክብ ጭረት ካያችሁ ጨዋታውን ወዲያው አቁሙ። በአንዳንዶቹ ውስጥ ከሌንሱ ጋር የተያያዘው ጠፍጣፋ ኬብል ከቦታው ተነስቶ የሚሽከረከረውን ሲዲ ይፍቃል። ኬብሉን ወደ ቦታው መልሶ መያዝ ቀላል ሥራ ነው። የተፋቀውን ጌም መመለስ ግን ከባድ ነው።

ይህን ያህል የምንጠነቀቀው መለዋወጫ ስለሌለ ነው። ፒኤስ ቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ምርቱ ግን በ2013 መጀመሪያ ላይ መቆሙ ታወቀ። ስለዚህ ዛሬ የምናገኘው ሌንስ ወይ ከሌላ ማሽን የወጣ ነው ወይ ኮፒ ነው። የካሴት ጌሞቹ ከዚያም ይብሳሉ። የኔንቴንዶው ፋሚኮም የወጣው በ1983፣ የሴጋ ሜጋ ድራይቭ በ1988 ነው። አንዷን በግዴለሽነት ባበላሸን ቁጥር ከዓለም አንድ ጎደለ ማለት ነው። እኛ እንዲህ ነው የምናየው።

አሁን ወደ መብራት እንምጣ። ጌም ማሽን ከምንም ነገር በላይ የሚገድለው እሱ ነው።

የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ 100 ነው። ለጥምቀት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አሮጌ ጌሙን በሻንጣ ይዞ ሲመጣ ደስ ይላል። ግን ማሽኑ የተሠራው ለዚያ አገር መብራት ነው። አንድ ጊዜ ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ጽሑፉን ሳናነብ ሰካን። ትንሽ ጭስ ወጣ፣ ከዚያ ዝም አለ። ባለቤቱ በልጅነቱ የተጫወተበት ነበር። በራሳችን ወጪ ሌላ ፈልገን ሰጠነው። ሆኖም ያው እንዳልሆነ እሱም እኛም እናውቃለን። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሕግ አለን። ማንኛውም ማሽን ከመሰካቱ በፊት አንዱ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ያረጋግጣል። እናንተም ቤት ውስጥ ይህን አድርጉ። በአዳፕተሩ ጀርባ «ኢንፑት» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። ከ100 እስከ 240 ካለ ችግር የለም። 100 ወይም 120 ብቻ ካለ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሳይኖር አትሰኩት።

ቻርጀር ከገበያ ገዝታችሁ ለድሮ ሴጋ ወይም ለፋሚኮም የምትሰኩም አላችሁ። የሶኬቱ ቀዳዳ ስለገጠመ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። የፋሚኮምና የመጀመሪያው ሜጋ ድራይቭ አዳፕተር የመሰኪያው መሃል ኔጌቲቭ ነው። በገበያ የሚሸጠው አብዛኛው ደግሞ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። ቮልቱ ትክክል ሆኖ እንኳ አቅጣጫው ከተገለበጠ ማሽኑን ሊያቃጥለው ይችላል። ማሽኑን ይዛችሁ ኑ፣ በቴስተር ለክተን እንነግራችኋለን። ለዚህ ገንዘብ አንቀበልም።

መብራት ሲሄድ ማሽኑን ከዲቫይደሩ ንቀሉት። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። መብራት የሚመለሰው አንዳንዴ ከፍ ዝቅ እያለ ነው፣ የሚጎዳውም ያኔ ነው። ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆዩና ሰኩት። ሰማዩ ሲያጉረመርምም እንዲሁ ንቀሉ። ሜሞሪ ካርድ ላይ ሴቭ እያደረጋችሁ መብራት ከሄደባችሁ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ትልቅ ጨዋታ ያላችሁ ሰዎች በሁለት ካርድ ላይ አስቀምጡ።

በቅርቡ አንዲት እናት የልጃቸውን ማሽን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውልን መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ካልተሠራ የልጅ ልጆቼ ስልክ ላይ እንደተደፉ ሊቀሩ ነው» አሉን። «እማማ፣ የት ነበር የሚቀመጠው?» ብለን ጠየቅናቸው። ከቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ከጎኑም ቡና ይፈላል። ከፈትነው። ፋኑ በአቧራ ታፍኗል፣ ሌንሱ ላይም ስስ የጭስ ሽፋን አለ። ጸዳ፣ ሠራ። ሌላ ምንም አልጎደለውም።

ዳንቴሉ ያምራል፣ አንጠላውም። ግን ሲጫወቱ ይነሳ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ዝቅተኛ ቦታ ካለው ስስ ነው፣ በአንድ አምስተኛ ያህል። ፋን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ በአየር ነው። «ጎንደር ነፋሻ ናት፣ አይሞቅም» የሚባለው ለሰው ይሠራል፣ ለማሽን ግን አይሠራም። በዙሪያው አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ተዉለት። ዕጣኑና ከሰሉ ከእሱ ራቅ ይበሉ። መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ ሲጠረግ የሚነሳው አቧራ በቀጥታ ይገባል። በረሮም ሙቀት ፈልጎ ይገባል። ፈንዲሻ የበላ እጅ ጆይስቲክ ከመንካቱ በፊት ይታጠብ። ከመስኮት ሥር ደግሞ አይቀመጥ። ነጩና ግራጫው ፕላስቲክ በፀሐይና በሙቀት ይወይባል፣ በእኛ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ ደግሞ ኃይለኛ ነው። ስለ መወየብ ይህ ይበቃል። መልኩ ይቀየራል እንጂ ጨዋታውን አያበላሸውም።

ካሴት አልነሳ ሲል «እፍ» ማለት ሁላችንም ያደግንበት ነገር ነው። እባካችሁ ተዉት። ትንፋሽ እርጥበት አለው። እርጥበቱ በጊዜ ብዛት የካሴቱን የብረት ጥርሶች ያዝገዋል። ያኔ የሚሠራው እፍታው ሳይሆን አውጥቶ መልሶ መክተቱ ነበር። ጥርሶቹ ሲነካኩ እንደገና ይገናኛሉ። ትክክለኛው ማጽጃ አልኮል ነው። ዘጠና ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ከፋርማሲ የሚገኘው ሰባ ከመቶው ውሃ ስላለበት ከጠረጋችሁ በኋላ በደንብ እስኪደርቅ ሳትሰኩ ጠብቁ። ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፕላስቲኩን ስለሚበሉት በጭራሽ አትጠቀሙ።

ሴቭ የሚያደርጉ ካሴቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ክብ ባትሪ አለ። እሱ ሲሞት ጨዋታው ይነሳል፣ የተቀመጠው ግን ይጠፋል። ባትሪው ሲወጣም እንዲሁ ይጠፋል። ስለዚህ ሳንጠይቅ አንቀይርም። አንድ ደንበኛችን «ይህ ታላቅ ወንድሜ ከአገር ከመውጣቱ በፊት የደረሰበት ነው» ብላ ካሴቱን መልሳ ይዛው ሄደች። ትክክል አድርጋለች። ትልቁ ፒኤስ ቱ በተከፈተ ቁጥር ሰዓትና ቀን የሚጠይቃችሁ ከሆነም አትደንግጡ። የሰዓቱ ባትሪ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጨዋታችሁን አይነካም።

ጀርባው የወጣውን የድሮ ቴሌቪዥን እንዳትጥሉ ብንለምናችሁ ደስ ይለናል። እነዚህ ጌሞች የተሠሩት ለእሱ ነው። በጠፍጣፋው ስክሪን ላይ ቁልፍ ስትጫኑና ሰውዬው ሲዘል መሃል ትንሽ መዘግየት አለ። በልጅነታችሁ በቀላሉ የምታልፉትን ገደል ዛሬ የምትወድቁበት ሁልጊዜ እጃችሁ ስለዛገ አይደለም። ዳክዬ የሚተኮስበት የድሮው ሽጉጥም በአዲሱ ስክሪን ላይ ጨርሶ አይሠራም። የሚያነበው የድሮውን ቴሌቪዥን ብርሃን ነው። አዲስ ቲቪ ብቻ ካላችሁ «ጌም ሞድ» የሚለውን ክፈቱ። ምስሉንም አራት በሦስት አድርጉት፣ አለዚያ ኳሷ እንቁላል ትመስላለች። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን በድሮ ቲቪ ላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ ደግሞ ማሽኑ አልተበላሸም። የቀለም አሠራሩ ከቲቪው ጋር ስላልተግባባ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ግን ራሳችሁ እንዳትከፍቱ። ከሶኬት ተነቅሎም እንኳ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ውስጡ ይቀራል፣ ሰው ይገድላል።

ጆይስቲክ ቁልፉ እምቢ ሲል አዲስ ኮፒ ለመግዛት አትቸኩሉ። ከቁልፉ ሥር ያለችው ጎማ ብዙ ጊዜ መጽዳት ብቻ ነው የምትፈልገው። በእኛ ዓይን የጸዳ ኦርጅናል ጆይስቲክ ከአዲስ ኮፒ ሁሌም ይሻላል።

ማሽኑ ከተመለሰላችሁ በኋላ ደግሞ ቁም ሳጥን ውስጥ አትቆልፉበት። ማሽን ተቀምጦም ይበላሻል። ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ክፈቱት። ሁለት ጆይስቲክ ሰኩ፣ ልጆቹን ጥሩ፣ «የተሸነፈ ይነሳል» በሉ። በስልክ ላይ የድሮ ጌም መጫወት ይቻላል፣ አንቃወምም። ግን ጎን ለጎን ተቀምጦ በክርን እየተገፋፉ ኳስ መጫወት ሌላ ነገር ነው። ልጅ አባቱን ሲያሸንፍ የሚጮኸውን ጩኸት ሱቃችን ውስጥ ሰምተነዋል፣ ፒያሳ ድረስ ይሰማል።

ከዚህ በኋላ ማሽን ስታመጡ አዳፕተሩን፣ የቲቪ ኬብሉን፣ አንድ ጆይስቲክና የማይነሳውን ጌም አብራችሁ አምጡ። ሜሞሪ ካርዱን ግን ቤት አስቀሩት። የምንቀይረው ዕቃ ካለ አስቀድመን ደውለን ዋጋውን እንነግራችኋለን፤ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ እንመልስላችኋለን። ማጽዳት ብቻ ከበቃ የምናስከፍላችሁ የማጽጃ ዋጋ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የድሮው ቴሌቪዥናችን ክፍት ነው። ከመውሰዳችሁ በፊት ራሳችሁ ተጫውታችሁ ሞክሩ።

በአክብሮት፣
የጥገና ሱቃችሁ ባልደረቦች
ጎንደር